በ1994 ላንድክሩዘር ላይ ፓውዛና ሁለተኛ ባትሪ ከመግጠም በፊት ምን ይቅደም?

ጠያቂው (ደብረ ብርሃን)፦

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። በእጄ ያለችው መኪና በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ1994 ላንድክሩዘር ኤችዜድጄ 75 ስትሆን፣ ባለ 4.2 ሊትር ዋን ኤችዜድ የናፍጣ ሞተር የተገጠመላት ረጅሟ ሃርድቶፕ ናት። ሞተሩም ካምቢዮውም በደህና ይሠራሉ፤ ያስቸገረኝ ኤሌክትሪኩ ነው። በተለይ በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ጠዋት ጠዋት ሞተሪኖው እየተጎተተ ይዞራል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ቁልፉን ሳዞር «ቀጭ» ብሎ ዝም ይልና ደግሜ ስሞክር ይነሳል። የፊት መብራቱ ቢጫና ደካማ ሆኗል። በጣርማ በር ጉም ውስጥ ወደ ደብረ ሲና ሲወረድ የመንገዱን ጠርዝ ለይቶ ማየት ስለሚያስቸግር፣ ይህን ጉዳይ እንደ ቅንጦት አላየውም።

ቤተሰቤን ይዤ በባቲና በሚሌ በኩል ወደ ሰመራ ለመሄድ ስላሰብኩ፣ በፖርቶ መጋላው ላይ ሁለት ፓውዛ፣ ከኋላ ደግሞ ባለ 12 ቮልት ፍሪጅ ከሁለተኛ ባትሪ ጋር መግጠም እፈልጋለሁ። መኪናዋን ያየልኝ አንድ ባለሙያ ዲናሞው አነስተኛ ስለሆነ በትልቅ እንዲቀየር፣ ለፊት መብራቱም ባለ 100 ዋት አምፖል እንዲገባለት መክሮኛል። ወጪው ቀላል አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ያለንን መኪና ጠብቀን ማቆየት ግዴታ ሆኖብናልና፣ ገንዘቤን ያለ ቦታው ማዋል አልፈልግም። ከፒንሳና ከመፍቻ ጋር እንግዳ አይደለሁም፤ መልቲሜትርም ገዝቻለሁ። ከየት ብጀምር ይሻላል?

አውቶ ኤሌክትሪሺያን (አዲስ አበባ)፦

ወንድሜ፣ መልቲሜትር ካለዎት ከዲናሞውም ከአምፖሉም በፊት በእሱ ይጠቀሙ፤ ለክተው ሳይጨርሱ ምንም እንዳይገዙ አደራ እልዎታለሁ። ሠላሳ ዓመት ባገለገለች መኪና ላይ ኤሌክትሪኩ ብዙውን ጊዜ የሚጎድለው ሲመነጭ ሳይሆን ሲጓዝ ነው። ዲናሞው የሚሰጠውን ኃይል የዛገ የማሳ (የባትሪውን ኔጋቲቭ ከሞተሩና ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያገናኘው መስመር) ብሎን፣ ከላስቲኩ ሥር አረንጓዴ የሆነ ኬብልና የላላ የባትሪ ሞርሴቶ (ኬብሉን ከባትሪው ምሰሶ ጋር የሚያስረው) እየበሉት ይቀራሉ። ዲናሞው በትልቅ ቢተካም እነዚህ እዚያው ስለሚቆዩ፣ መብራትዎም ሞተሪኖዎም ያው እንደነበሩ ይሆናሉ።

የመጀመሪያው ልኬት መኪናዋ አድራ ጠዋት ምንም ሳይነካ የሚወሰደው የባትሪው ቮልት ነው። 12.6 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ባትሪው ሙሉ ነው፤ 12.4 ሲሆን ሦስት አራተኛው ያህል አለው፤ ወደ 12.0 ከወረደ ግን ሩብ ገደማ ብቻ ነው የቀረው። የደብረ ብርሃንን ብርድም አይርሱ። ቅዝቃዜው ወደ 0 ዲግሪ ሲጠጋ ባትሪ የማስነሳት አቅሙ ከሦስት አንድ እጅ ያህል ይቀንሳል፤ በዚያው ሰዓት የሞተሩ ዘይት ስለሚወፍር ሞተሪኖው የሚፈልገው ኃይል ይጨምራል። ስለዚህ ቆላ ላይ የማይታወቅ ትንሽ ብክነት እርስዎ ዘንድ ጎልቶ ይታያል።

ሁለተኛው ልኬት የሚወሰደው ሞተሪኖው እየዞረ ነው፤ ዋናውም ይህ ነው። በኢንጄክሽን ፓምፑ ላይ ናፍጣውን የሚዘጋው ሶሌኖይድ አለ፤ ቀጭኗን ሽቦውን ይንቀሉና ጫፏ ከብረት ጋር እንዳትነካካ ይሸፍኗት። ዋን ኤችዜድ ያለዚህች ሽቦ ስለማይነሳ ሞተሩ ይዞራል እንጂ አይነሳም። ከዚያ ሌላ ሰው ቁልፉን እንዲያዞርልዎ ያድርጉና የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ የእርሳስ ምሰሶ ላይ፣ ሌላውን በሞተሩ አካል ላይ ባለ ንጹሕ ብሎን ላይ ያድርጉ። ሞርሴቶው ላይ ሳይሆን ምሰሶው ላይ ማለቴን ልብ ይበሉ፤ ብልሽቱ በሁለቱ መካከል ከተደበቀ በሌላ መንገድ አያገኙትም። ቁጥሩ ከ0.3 ቮልት ካለፈ የማሳው መንገድ ታሟል። ይህንኑ ከባትሪው ፖዘቲቭ ምሰሶ እስከ ሞተሪኖው ትልቅ ብሎን ይድገሙት።

ሦስተኛው ሽቦዋን መልሰው ሞተሩ ተነስቶ፣ የፊት መብራቱና የአየር ማራገቢያው በርተው የሚወሰድ ነው። ነዳጅ ትንሽ ሰጥተው ሲለኩ ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ካገኙ ዲናሞው የሚፈለግበትን እየሠራ ነው። ባትሪው ላይ አንሶ ዲናሞው መውጫ ብሎን ላይ ግን ትክክል ከሆነ፣ መቀየር ያለበት በመካከላቸው ያለው ኬብል ነው።

«ቀጭ» ብሎ መቅረቱን በተመለከተ፣ በእነዚህ ቶዮታዎች ሞተሪኖ ውስጥ ኃይሉን የሚያገናኙ ሁለት የመዳብ ቁራጮች አሉ፤ በጊዜ ብዛት ይበላሉ፤ በተለይ ከባትሪው ጋር የሚገናኘው ቶሎ ይሳሳል። ለብቻቸው ስለሚሸጡ ሶማሌ ተራ ጠይቀው ያግኟቸውና ሞተሪኖውን ሙሉ ከመቀየር ይድናሉ። ቢሆንም ኬብሎቹ ሳይጸዱ ሞተሪኖውን አያውርዱ፤ ምልክቱ አንድ ዓይነት ነውና።

ጠያቂው፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንደነገሩኝ ለካሁ። ባትሪው አድሮ 12.5 ቮልት አለው። ሞተሪኖው ሲዞር በባትሪው ላይ 10.4፣ በሞተሪኖው ላይ ግን 8.8 ነው የሚታየው። ከባትሪው ኔጋቲቭ እስከ ሞተሩ አካል 0.9፣ ከፖዘቲቩ እስከ ሞተሪኖው ብሎን 0.7 ቮልት ይጠፋል። ሞተሩ ተነስቶ መብራቱ በርቶ ባትሪው ላይ 13.9 አገኘሁ፤ የፊት መብራቱ ሶኬት ላይ ግን አምፖሉ እየበራ የሚደርሰው 11.2 ብቻ ነው።

አውቶ ኤሌክትሪሺያን (አዲስ አበባ)፦

እንግዲህ ዲናሞዎ ጤነኛ ነው፤ ለእሱ ያሰቡትን ገንዘብ ያቆዩት። ባትሪው ካለው 10.4 ቮልት ውስጥ 1.6ቱ ኬብልና ብሎን ላይ እየቀረ ነው፤ ይህ ሁሉ ኃይል እዚያው ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ማረጋገጥ ከፈለጉ ሞተሪኖው ከዞረ በኋላ መጋጠሚያዎቹን በጥንቃቄ በእጅዎ ይዳስሱ፤ የሞቀው መጋጠሚያ የታመመው ነው።

ሲሠሩ መጀመሪያ ኔጋቲቩን ይንቀሉ፤ ሲመልሱ ደግሞ መጨረሻ ላይ ያስሩት። ቅደም ተከተሉ የሚጠቅመው፣ ፖዘቲቩን ሲፈቱ መፍቻው አካሉን ቢነካ እንኳ ኔጋቲቩ ተነቅሎ ከሆነ ብልጭታ ስለማይፈጠር ነው። ባትሪ ሲሞላ የሚወጣው ሃይድሮጂን በብልጭታ ይቀጣጠላልና ይህን ጥንቃቄ በቀላሉ አይዩት። የማሳ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ይከተሉ፦ ከባትሪው ወደ ሞተሩ፣ ከባትሪው ወደ ቦዲው፣ ከሞተሩ ወደ ቻሲው የሚሄዱ አሉ። ብሎኑን ፈትተው ሁለቱንም ፊት በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ይፈትጉ፤ ቀለም ካለ ይላጡት፤ ካሰሩ በኋላ ላዩን ቫዝሊን ይቀቡት። ኬብሉ ጫፉ ላይ ሲተጣጠፍ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ወይም መዳቡ ከጠቆረ ማጽዳት አያድነውም፤ ባለ 35 ወይም ባለ 50 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ ገዝተው ጫፉን በማሽን የሚጨምቅ ሰው ጋ ያስጨምቁት። በመዶሻ የተቀጠቀጠ ጫፍ ለጊዜው ይሠራል፤ ውሎ አድሮ ግን አየር ገብቶበት እንደገና ይዝጋል።

ሞተሪኖው በደንብ እየዞረም ጠዋት ነጭ ጭስ እየተፋ የሚያስቸግር ከሆነ ሞተሩን ለመነሳት የሚያሞቁትን ግሎ ፕለጎች ይፈትሹ። ስድስቱን የሚያገናኘውን የብረት ቅጥልጥል ካነሱ በኋላ እያንዳንዱን ለብቻው በኦም ይለኩ፤ ደህናው ወደ 1 ኦም የሚጠጋ ንባብ ያሳያል፤ ምንም ንባብ የማይሰጠው ሞቷል።

ባለ ፕራዶው (ሐዋሳ)፦

ለፊት መብራቱ እኔ የምመክረው ኤልኢዲ አምፖል ነው። የሚፈጀው ኃይል ከሃሎጅኑ ግማሽ እንኳ ስለማይሞላ የደከመው ሽቦ አይጨነቅም፤ ቤቱን ሳይነኩ በአንድ ሰዓት ይቀየራል። ነጭ ብርሃኑም በከተማ ውስጥ ያማረ ነው።

የኤሌክትሪክ መምህርት (ባሕር ዳር)፦

ወንድሜ ባለ ፕራዶው የኃይል ፍጆታውን በተመለከተ ያሉት እውነት ነው፤ ነገር ግን ጠያቂው የሚነዱበት መንገድ የጣርማ በር ጉም ስለሆነ በዚህ ምክር አልስማማም። የእነዚህ መኪኖች የመብራት ቤት የተሠራው የሃሎጅን አምፖል ክር በሚቀመጥባት ነጥብ ላይ ተለክቶ ነው። ኤልኢዲው ብርሃን የሚያወጣው ከጠፍጣፋ ገጽ ስለሆነ፣ ያው ቤት ብርሃኑን ወደሚገባው ቦታ አያደርሰውም፤ ከፊሉ ወደ ላይ ይበተናል። በጉም ውስጥ ወደ ላይ የተበተነ ብርሃን ከጉሙ ተመልሶ የሚመጣው ወደ ሾፌሩ ዓይን ነው፤ ከፊት ለፊት የሚመጣውን ሾፌርም ያሳውራል። ባለ 100 ዋቱንም እቃወማለሁ። በ12 ቮልት እያንዳንዱ ከ8 አምፔር በላይ ስለሚስብ፣ 11.2 ቮልት ብቻ እያደረሰ ያለው ሽቦ ይብስ ይሞቃል፤ ሶኬቱም ይቀልጣል።

የሃሎጅን አምፖል ብርሃን ከቮልቱ ጋር እኩል አይቀንስም። ቮልቱ 10 በመቶ ሲወርድ ብርሃኑ 30 በመቶ ያህል ይወርዳል። በእርስዎ መኪና ባትሪው ላይ 13.9 አለ፤ አምፖሉ ጋ የደረሰው 11.2 ነው፤ ስለዚህ ሊገኝ ከሚችለው ብርሃን ግማሹ እንኳ እየወጣ አይደለም። ጤነኛ የሆነ የኤች 4 ባለ 60/55 ዋት አምፖል ሙሉ ቮልት ቢያገኝ አሁን ያለዎትን ብርሃን ከእጥፍ በላይ ያደርገዋል። መፍትሔውም ሪሌ፣ ማለትም በትንሽ ኃይል ታዞ ትልቁን ኃይል የሚያገናኝ ማብሪያ ነው፤ የመብራቱ ዋና ኃይል በመሪው ሥር ባለው ማብሪያ በኩል መዞሩ ቀርቶ ከባትሪው በቀጥታ እንዲመጣ፣ ማብሪያው ሪሌውን ብቻ እንዲያዝ ማድረግ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ልናገር። በእርስዎ መኪና ዘመን በተሠሩ ላንድክሩዘሮች ላይ የፊት መብራቱ የሚበራውና የሚጠፋው በማሳው በኩል ነው። በሶኬቱ ላይ የጋራው ጫፍ ቋሚ ፖዘቲቭ ሲሆን፣ ማብሪያው አጭሩን ወይም ረጅሙን መብራት ከማሳ ጋር ያገናኛል። ይህን ለማረጋገጥ መብራቱን አብርተው ሶኬቱን ከአምፖሉ ይንቀሉና ሦስቱን ጫፎች ከማሳ ጋር ይለኩ፤ አንዱ ጫፍ በአጭሩም በረጅሙም 12 ቮልት ካሳየ ነገሩ እንዳልኩት ነው። ገበያ ላይ ተዘጋጅቶ የሚሸጠው የሪሌ ሽቦ ግን ብዙውን ጊዜ በፖዘቲቭ ለሚበሩ መኪኖች የተሠራ ስለሆነ፣ እንዳለ ቢሰኩት ወይ አይሠራም ወይ አጭሩና ረጅሙ ይደባለቃሉ።

አገጣጠሙን በቃል ልግለጸው። ሁለት ሪሌ ያስፈልጋል፤ አንዱ ለአጭሩ፣ አንዱ ለረጅሙ። ቁጥሮቹ በሪሌው እግሮች ላይ የተጻፉት ናቸው። የሁለቱም 86 ቁጥር ከአሮጌው ሶኬት የጋራ ፖዘቲቭ ጋር ይገናኛል፤ የአንዱ 85 ከአጭሩ ሽቦ፣ የሌላው 85 ከረጅሙ ሽቦ ጋር። 30 ቁጥር ከባትሪው ፖዘቲቭ ይመጣል፤ 87 ወደ አምፖሎቹ ይሄዳል፤ የአምፖሉ የጋራ ጫፍ ደግሞ በአዲስ ሽቦ ወደ ንጹሕ ማሳ ይወርዳል። ከባትሪው እስከ ሪሌው ባለ 4 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ ይጠቀሙ፤ የሁለት ሜትር ርዝመት 10 አምፔር ሲያልፍበት የሚያጠፋው ከ0.1 ቮልት በታች ነው። ባትሪው አጠገብ ባለ 30 አምፔር ፊውዝ ያስገቡ፤ ከ87 በኋላ ግን ግራውንና ቀኙን ለይተው ለእያንዳንዱ ባለ 10 አምፔር ያድርጉለት። ይህን የምለው አንዱ ፊውዝ ቢቃጠል ሁለቱም መብራት በአንድ ጊዜ በቁልቁለቱ ላይ እንዳይጠፉብዎት ነው።

አንድ የምትቀር ነገር አለች። በአንዳንዶቹ መኪኖች ላይ በዳሽቦርዱ ያለችው ሰማያዊ የረጅም መብራት ማሳያ ኃይሏን የምታገኘው በአምፖሉ ክር በኩል ስለሆነ፣ ሪሌ ከገባ በኋላ ልትደበዝዝ ወይም ላትበራ ትችላለች። ይህ ካጋጠመዎት የመብራቱ ብልሽት እንዳልሆነ ይወቁት፤ ማሳያዋን ለብቻዋ ማስተካከል ይቻላል።

ጠያቂው፦

እህቴ፣ እንዲህ በዝርዝር ስላስረዱኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን የማሳ ኬብል ስፈታው ጫፉ ውስጥ ያለው መዳብ ጠቁሮ ስለነበር ቀየርኩት፤ አሁን በማሳው በኩል የሚጠፋው 0.15 ቮልት ነው፤ ጠዋትም ሞተሩ ሳያንገራግር ተነሳ። በፖዘቲቩ በኩል የቀረውን ሰሞኑን እቀጥላለሁ፤ የመብራቱን ሪሌም በዚያው እሠራለሁ። የፓውዛውንና የሁለተኛውን ባትሪ ነገር ግን ገና አልወሰንኩም። ፍሪጁ ከኋላ፣ ባትሪው ከፊት ቢሆን ይሻላል ወይስ ሁለቱም ከኋላ?

የአፋር መንገድ ሾፌር (ሰመራ)፦

ሰላም ጋሼ። በዚህ መስመር ቱሪስት ስለማመላለስ፣ ከብርዱ ይልቅ ሙቀቱና ኮሮኮንቹ ባትሪ ላይ የሚያደርሱትን ስለማውቅ ልጨምርልዎ። የሊድ አሲድ ባትሪ የሚሠራበት ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል ይባላል፤ እዚህ የምናየውም ከዚህ አይርቅም። በኮፈኑ ሥር፣ በሞተሩ ሙቀት አጠገብ ሁለተኛ ባትሪ ማስቀመጥ ለደብረ ብርሃን ሊያስኬድ ይችላል፤ ለሰመራ ግን አይመችም። ስለዚህ ከኋላ ያድርጉት፤ ከኋላ ሲሆን ከሰው ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ ስለሚሆን፣ አሲድ የሚጨመርበት ሳይሆን የታሸገ ኤጂኤም ይሁን። በብረት ማቀፊያ ከወለሉ ጋር በብሎን ይታሰር፤ መኪናዋ ብትገለበጥ ከ25 ኪሎ የማያንስ ዕቃ በሰው ላይ እንዳይወረወር።

መጠኑን በተመለከተ፣ ፍሪጁ ሲሠራ ከ4 እስከ 5 አምፔር ይወስዳል፤ በደጋ አብዛኛውን ሰዓት ያርፋል፤ እዚህ ግን ብዙም አያርፍም። ባለ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ ከሆነ ግማሹን ብቻ ተጠቅመው መልሰው መሙላት ቢለምዱ ረጅም ጊዜ ያገለግልዎታል። ፍሪጁን ከቤት ሳይወጡ ማታውኑ በግድግዳ ኤሌክትሪክ አቀዝቅዘው፣ የቀዘቀዘ ዕቃ ሞልተውበት ይነሱ፤ ትልቁን ኃይል የሚፈጀው ሙቅ ነገር ማቀዝቀዝ ነው።

ሽቦውን በቻሲው ሲያሳልፉ ብረት ቀዳዳ ውስጥ በሚገባበት ሁሉ የጎማ ቀለበት ያድርጉለት፤ በየአንድ ጭብጥ ርቀት ያስሩት። በኮሮኮንች ላይ የሚንቀጠቀጥ ሽቦ የቱንም ያህል ወፍራም ላስቲክ ቢኖረው ብረት ይቆርጠዋል። ናስትሮም (ሽቦ የሚጠቀለልበት ማጣበቂያ) በዚህ ሙቀት ሙጫው ቀልጦ ይላቀቃል።

አውቶ ኤሌክትሪሺያን (አዲስ አበባ)፦

ሾፌሩ ባሉት ሁሉ እስማማለሁ። ሁለቱን ባትሪዎች የሚያገናኘውን በተመለከተ፣ ለእርስዎ መኪና ቮልት እያየ የሚገጥምና የሚለይ ሪሌ በቂ ነው። ዋናው ባትሪ ወደ 13.3 ቮልት ሲደርስ፣ ማለትም ዲናሞው እየሞላ ሲሆን፣ ሁለተኛውን ያገናኛል፤ ሞተሩ ጠፍቶ ቮልቱ ወደ 12.8 ሲወርድ ይለያቸዋል፤ ስለዚህ ፍሪጁ ሌሊቱን ሁሉ ቢሠራ የማስነሻውን ባትሪ አይነካም። ለአዳዲስ መኪኖች የሚመከረው ውድ ቻርጀር የተፈለገው የእነሱ ዲናሞ ቮልቱን በኮምፒውተር ስለሚያወርድ ነው፤ የእርስዎ እንደዚያ አያደርግም።

ኬብሉ ግን ወፍራም ይሁን። ባትሪው ሲሞላ 30 አምፔር ቢሳብ፣ ደርሶ መልስ 10 ሜትር በሆነ ባለ 6 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ላይ 0.9 ቮልት ያህል ይጠፋል፤ ያን ጊዜ ሁለተኛው ባትሪ የሚሞላው በጣም በዝግታ ነው። በባለ 16 ካሬ ሚሊሜትር ግን ወደ 0.35 ይወርዳል።

ፓውዛዎቹን የሚያዘውን ሪሌ ከረጅሙ መብራት ጋር ካገናኙት ረጅሙ ሲጠፋ አብረው ይጠፋሉ፤ እዚያም መምህርቷ ያስረዱት የማሳው ነገር ስላለ 85 ቁጥሩን ነው ከረጅሙ ሽቦ ጋር የሚያገናኙት። በመካከሉ በዳሽቦርዱ ላይ ማጥፊያ ያስገቡበት። ለማንኛውም አዲስ ዕቃ ቁልፍ ሲዞር ብቻ የሚመጣ ኃይል ሲፈልጉ፣ የናፍጣውን ሶሌኖይድ ከሚመግበው ሽቦ ላይ ፈጽሞ እንዳይቀጥሉ። የጨመሩት ዕቃ ያንን ፊውዝ ካቃጠለ ሞተሩ እየሄደ ይጠፋል።

ጠያቂው፦

ሁሉንም ጽፌ ይዤዋለሁ። የመጨረሻ ጥያቄዬ ፊውዙ ነው፤ በሁለቱ ባትሪዎች መካከል ላለው ረጅም ኬብል አንድ ፊውዝ ከፊት ብቻ ቢሆን አይበቃም?

የኤሌክትሪክ መምህርት (ባሕር ዳር)፦

አይበቃም። ፊውዝ የሚጠብቀው ዕቃውን ሳይሆን ሽቦውን ነው፤ የሚቀመጠውም ኃይሉ በሚመጣበት በኩል፣ ለምንጩ በተቻለ መጠን ቀርቦ ነው። የሌላ ሽቦ ምንጩ አንድ ነው፤ የዚህ ኬብል ግን ሁለቱም ጫፎቹ ባትሪ ላይ ናቸው። መካከሉ ላይ ተልጦ ቻሲውን ቢነካ የፊቱ ፊውዝ ተቃጥሎ ዋናውን ባትሪ ይለየዋል፤ የኋላው ባትሪ ግን ኬብሉ ቀይ እስኪሆን ድረስ ኃይል መስጠቱን ይቀጥላል፤ እሱ ያለው ደግሞ ቤተሰብዎ ከተቀመጠበት ወንበር በስተኋላ ነው። በእያንዳንዱ ባትሪ ከአንድ ስንዝር ባልራቀ ቦታ፣ ለባለ 16 ካሬ ሚሊሜትሩ ኬብል ባለ 60 አምፔር ፊውዝ በሁለቱም በኩል ያድርጉ፤ የፍሪጁ ሽቦ የራሱ ባለ 15 አምፔር ይኑረው። ኬብሉ ተዘርግቶ፣ ታስሮ፣ ከማሳ ጋር አለመነካካቱ በመልቲሜትር እስኪረጋገጥ ድረስም ሁለቱን ፊውዞች ከቦታቸው አውጥተው ያቆዩዋቸው።